ሩጫ የተከለከለች ልጅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ለልጆቼ አባት፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሲጀምር ይህን ለወጉ ያህል ይጽፈዋል። እኔ ዛሬ ለወጉ አይደለም የጠየቅሁህ። ጤናህ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል? ደረትህን ጨምድዶ የሚይዝህ ነገር አለ? ስትነሳ ዓይንህ ላይ ይጨልማል? ካለ ለማንም አትደብቅ፤ ለኔም ቢሆን።

ስልክህን ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ ዝግ ነው። የኔ መሆኑን ስታይ እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ ልወቅስህ የምደውል ይመስልሃል። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ሥራ ላይ ከሆንክ አጥፈህ ኪስህ ክተተው፤ ቁጭ ስትል፣ ብቻህን ስትሆን አንብበው።

ትንሿ ልጃችን ድንቢጥ አድጋለች። ብታያት ስሟ አይገባትም ትላለህ፤ የአምናው ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። እኔ ያው ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ነኝ። አንሶላውን አሁን በማሽን ነው የሚተኩሱት፤ በአንድ በኩል ይውጠዋል፣ በሌላው በኩል ይተፋዋል። ሸሚዝና የትራስ ልብስ ግን አሁንም በእጅ ነው፤ እሱ የኔ ድርሻ ነው። ክንዴ ላይ የካውያው ጠባሳ በዝቷል። ይህ ሁሉ ደህና ነው። ደህና ያልሆነውን ልንገርህ ነው ብዕር ያነሳሁት፣ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይሆንልኝም።

ለትልቁ ልጃችን ስፖርት ስንመርጥለት ትዝ ይልሃል? እሱ የፈለገው ብስክሌት ነበር። አንተም ወደ እሱ አደላህ፤ “ደስ ካላለው ምኑን ስፖርት ሆነ” አልክ። እኔ መኪናው አልኩ፣ አስፋልቱ አልኩ። ቴኳንዶ ሲባል ጭንቅላቱ፣ ዋና ሲባል ጥልቀቱ። አንተ የልጁን ደስታ ስትቆጥር እኔ አጥንቱን ስቆጥር ምሳው ቀዘቀዘ። መጨረሻ ላይ ኳስ ላይ ታረቅን። ሜዳው ከመስኮታችን ይታያል፣ አሰልጣኙን እናውቀዋለን፣ ቢወድቅም ሣር ላይ ነው። “ቢበዛ እግሩን ነው፣ እግር ደግሞ ይጠገናል” ብለህ ሳቅህ። ልጁም መጀመሪያ አኩርፎ ሄደ፣ ኋላ ወደደው፤ ከዚያማ ከኳሱ ጋር ይተኛ ጀመር። እግሩ ረጅም ስለነበረ ልጆቹ “መቀስ” አሉት። ኳሱን ይቆርጠዋል እያሉ።

የቀረውን ታውቀዋለህ። ደረቴን ጨነቀኝ ሲልህ ቁርስ ሳይበላ ስለሚሮጥ መሰለህ፤ ዳቦ ገዝተህ እያበላኸው እስከ ሜዳው ሸኘኸው። እዚያው ሜዳው መሃል ወደቀ። ማንም ሳይነካው። ሐኪም ቤት ሲደርስም “ልቡ ቆሟል” ከማለት በቀር ምክንያት የነገረን የለም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ ፈጣሪ ያውቃል ሲል አንተ ብቻ “እኔ ነኝ የሸኘሁት” እያልክ ግድግዳ ስታይ ከረምክ። አሞት ይሆን፣ ተጣርቶ ይሆን እያልክ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ ከየት አውቄው። ማንም አልከሰሰህም። ራስህ ከሰስህ፣ ራስህ ፈረድህ፣ ራስህን በግዞት ላክህ። አሁን ፌሮ ተሸክመህ ፎቅ ላይ እንደምትወጣ እህትህ ነግራኛለች። ማስተር የነበርክ ግንበኛ፣ የግንብ ማንኪያህን ጥለህ እንደ ቀን ሠራተኛ ብረት የምትሸከመው ሥራ ጠፍቶ እንዳልሆነ ለማወቅ ነጋሪ አያሻኝም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ድንቢጥን ከእንቅስቃሴ ሁሉ ከለከልኳት። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ የልጆቹን ጃኬት ትጠብቃለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ እናቶች ወሬያቸው ይኸው ነው፤ የማንን ልጅ ምን እናስገባ። አንዷ ኳስ ጉልበት ይሰብራል ትላለች፣ አንዷ ካራቴ ጥርስ ያወልቃል፣ ሌላዋ ዋና ጆሮ ያሳምማል። አንድ ቀን አንዷን “ቼዝስ?” ብላት “እሱማ ጀርባ ያጎብጣል” አለችኝ። በዚህ ዓይነት ልጅ ተኝቶም አይድንም ብዬ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ያኔ ነው። ግን ወደ ቤት ስንመለስ ድንቢጥ መንገድ ላይ ያገኘችውን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በእግሯ እየገፋች ነበር የምትሄደው። ቀና ብዬ ሳያት ታቆማለች። ዞር ስል ትገፋዋለች።

አንድ ቀን አሰልጣኙ ሆቴሉ ድረስ መጣ። በጓሮ በር ገብቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ እንፋሎቱ መሃል ቆመ።

“እህቴ፣ ልጅሽ በምሳ ሰዓት ከሴቶቹ ጋር ትጫወታለች” አለኝ።

“ማን ፈቀደላት?”

“ማንም። አጥር ዘላ ነው የምትመጣው። ዛሬ ነው ያየኋት፤ ወዲያው አስወጣኋት። ለመንገር ነው የመጣሁት።” ኮፍያውን በእጁ እያዞረ “ልደብቅሽ አልችልም፣ ጎበዝ ናት። ወንድሟን ነው የምትመስለው” አለ።

ካውያው እጄ ላይ ነበር፤ ሸሚዙን አቃጠልኩት።

“ፍቀጂላት ብዬ አልጠይቅሽም” አለ። “እኔም ከሱ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ልቡን ሳይመረመር ልጅ አላስገባም፤ ወላጆቹ ይሰድቡኛል፣ አበዛኸው ይላሉ። አንቺ ግን፣ ትጫወት አትጫወት፣ ልጅቷን አስመርምሪያት። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።”

ይህ ነገር አልተዋጠልኝም ነበር። ልጄ ጤነኛ ናት፣ ሳል እንኳን አታውቅም። ደግሞም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደህና ናት ቢሉኝ የምከለክልበት ምክንያት ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ሰጋሁ። ሆኖም ወሰድኳት።

የልብ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ድንቢጥን አስተኝታ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና መሣሪያውን ታንሸራትት ጀመር። ልጅቷ ኮረኮረኝ እያለች ትስቃለች። ሐኪሟም አብራት ትስቅ ነበር። ከዚያ መሳቋን ተወች። አንድ ቦታ ላይ አቁማ ደጋግማ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ቤተሰብ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው አለ?” አለችኝ።

“ወንድሟ።”

“ሌላስ?”

ያኔ ነው አባትህ ትዝ ያሉኝ። እንጨት መሰንጠቂያው ቤት ግንድ ሲያነሱ ወድቀው ቀሩ፤ ገና ጎልማሳ ሳሉ፤ ድካም ነው ተባለ ብለህ የነገርከኝ። ነገርኳት። መሣሪያውን አስቀመጠችው።

እንደገባኝ ልንገርህ። የድንቢጥ የልቧ ጡንቻ ከሚገባው በላይ ወፍሯል። ሲወለዱ ይዘውት የሚመጡት ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። አንዳንዱ እስኪያረጅ ሳያውቀው ይኖራል፣ አንዳንዱ ሲሮጥ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሳ ልቡ ምቱን ይስትና ያቆማል። የልጃችንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም አለች። “ኳሱ ነው?” አልኳት። “ኳሱ አይደለም” አለችኝ። “ብስክሌት ቢሆንም ያው ነበር፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል ቢሮጥም ያው ነበር።” ዳቦ በልቶ ቢሄድም ባይበላም፣ ብትሸኘውም ባትሸኘውም ማለት ነው። ይህን ለአንተ ስል ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ደግማ ነገረችኝ።

እኔንም እዚያው አስተኝታ አየችኝ። ከሁለታችን ካንዳችን ነውና። ጣሪያውን እያየሁ በሆዴ የምለምነው የኔ እንዲሆን ነበር። ሐኪሟ ጨርሳ “እርስዎ ልብዎ ንጹሕ ነው” አለችኝ፣ እንደ ምሥራች። ጤነኛ ነሽ ተብሎ ያለቀሰ ሰው አይታ አታውቅም መሰለኝ፤ ግራ ገብቷት ሶፍት አቀበለችኝ።

“አባታቸው የት ናቸው?”

“ሩቅ። ሕንጻ ሥራ ላይ ነው።”

“ምን ዓይነት ሥራ?”

“ፌሮ ተሸክሞ ፎቅ ይወጣል።”

“ዛሬውኑ ይደውሉላቸው” አለች። “መመርመር አለባቸው። እስኪመረመሩ ሸክም የሚባል ነገር እንዳያነሱ።”

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ደወልኩ። ይጠራል። አታነሳም። ስልኩ በጠራ ቁጥር ያንን ፎቅ፣ ያንን ብረት፣ አንተን መሃል ላይ አየሁህ።

ከአንተ ነው ስልህ አንተ ገደልከው ማለቴ እንዳይመስልህ፤ ይህን እንዲያው በነፍስህ ስማኝ። ረጅም እግሩን ከአንተ ወሰደ። ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው ያንተ ነው። ይህም አብሮ መጣ። አንተም ከአባትህ ወሰድክ፣ አባትህም ከሌላ። ሰው ለልጁ የሚሰጠውን መርጦ አይሰጥም። እኔ ብስክሌትና ኳስ ስመዝን፣ አንተ ደስታና አደጋ ስትመዝን፣ የምንመዝነው ነገር ሁሉ ከውጭ ነበር። እሱ ከውስጥ ነበር።

ለድንቢጥ እኔ ነኝ የነገርኳት። ሐኪሟ አብራኝ ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ሩጫ የለም፣ ውድድር የለም፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም፣ ክኒን በየቀኑ። ሰማችኝና፣

“መቼ ድረስ?” አለች።

“ሁልጊዜ።”

“ሁልጊዜ ማለት ካደግሁ በኋላም?”

“አዎ የኔ ልጅ።”

“እማዬ፣ እኔ እኮ ደስ የሚለኝ ስሮጥ ብቻ ነው።”

ሐኪሟን ታዲያ ምን ትጫወት ብያት ነበር። ቀስ ያለ ነገር፣ በእግር መንሸራሸር፣ ውድድር የሌለው የጠረጴዛ ቴኒስ አለችኝ። ወጣት ማእከሉ ወሰድኳት። ከእኩዮቿ ጋር እንዳትፎካከር ጡረታ የወጡ አንድ ፖስተኛ አገኘሁላት፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ኳሷን አልጋ ላይ እንደሚያስተኙ ቀስ አድርገው ነው የሚመቱላት። ኳሷ ከጠረጴዛ ስትወድቅ ሮጣ እንዳታነሳ እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳለሁ። ፖስተኛው “ሁለት ሆናችሁ ነው የምትገጥሙኝ” እያሉ ይቀልዳሉ። ጥቂት ጊዜ ሄደች። አንድ ቀን ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ “አባባ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት፣ ግን ይኼ ጨዋታ አይደለም” አለቻቸው። ተመልሳ አልሄደችም። በሜዳው በኩል ያለውን መጋረጃም ዘግታዋለች። እኔ ከፈትኩት ስል ትዘጋዋለች።

አሁን የምነግርህ ያለፈው ሳምንት ነገር ነው። በመጀመሪያ ግን፣ በሕይወት አለች። ይህን ያዝ።

ሆቴሉ የእንፋሎት ቦይለሩ ተበላሽቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታችን ላኩን። ደረጃውን ስጀምር ከላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ዕቃ መሰለኝ። ከኛ በር በታች ባለው መታጠፊያ ላይ አገኘኋት፤ በጎኗ ተኝታለች፣ አንድ ጫማዋ ወልቋል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ስሟን እየጠራሁ አልነበረም፣ የወንድሟን ስም ነበር የምጠራው። ይህን በኋላ ጎረቤቶች ናቸው የነገሩኝ። ታችኛው ፎቅ ያለው ታክሲ ነጂ በእቅፉ ይዟት ሲወርድ ዓይኗን ገለጠች። ልቧ ራሱ ተመልሶላት ነው። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ አይመለስም አለችኝ።

ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ለምን አልኳት። ተቆጥቼ አልነበረም፤ የምቆጣበት አቅም አልነበረኝም።

“ከታች እስከ ላይ ሮጥኩ” አለች። “ከዚያ ወርጄ እንደገና። ከዚያ እንደገና።”

“ለምን እኮ?”

“እሱ ምን እንደተሰማው ማወቅ ፈልጌ ነው።”

እጇን ይዤ ቀረሁ። እሷ ግን ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፤ ሰው ከሩቅ አገር ተመልሶ ያየውን እንደሚያወራ።

“እማዬ፣ አያምም። ደረቴ ውስጥ ወፍ የተያዘ ይመስላል፣ ክንፉን የሚያራግብ። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ምንም የለም። ልፈራ ስል እንኳን ጊዜ አልነበረኝም። እሱም አልፈራም። ለአባዬ ንገሪው።”

ነገርኩህ። ግድግዳ ላይ ስትፈልገው የነበረውን መልስ ልጅህ ነፍሷን አስይዛ አመጣችልህ። እንዴት እንደምትቀበለው አላውቅም። እኔ ስሰማው አንዱ ወገኔ እፎይ አለ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ያ እፎይታ በየትኛው በር እንደገባ ሳስብ በራሴ አፈርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው አሰብኩ። ግን አደራዋ ነው፤ አደራ አይበላም።

ሐኪሟ አሁን ደረቷ ውስጥ ከቆዳው ሥር የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ይግባላት ትላለች። ልቧ ሲስት አይቶ ይመታና ይመልሳታል። ቀዶ ሕክምና ነው፣ የራሱ አደጋ አለው፤ ያለመግባቱም አደጋ አለው። ድንቢጥ ራሷ “ከገባልኝ እሮጣለሁ?” ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ አልዋሸቻትም፤ “አትሮጪም፣ ግን ትኖሪያለሽ” አለቻት። ሁለቱ ለሷ አንድ ነገር ነበሩ፤ ሲለያዩ ገና ማየቷ ነው።

አሁንም ልንመዝን ነው እንግዲህ። ብቻዬን መመዘን ደከመኝ። ያኔ አንተ አንዱን ጫፍ ስለያዝክ ነበር ሚዛኑ የሚቆምልኝ፤ እየተጨቃጨቅንም ቢሆን። አሁን በአንድ በኩል እፈራለሁ፣ በሌላም በኩል እኔው እፈራለሁ። ከሐኪሟ ጋር ሁለታችንም ተቀምጠን እንድንሰማ እፈልጋለሁ። አንተ ለልጅቷ ደስታ የምትናገር ሰው ነህ፤ ምን ደስታ እንደተረፈላት የሚፈልግላት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ አጥንት መቁጠር ብቻ ነው የማውቀው።

ስለ እኔና ስለ አንተ ምንም አልጽፍም። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው፤ መሃሉን መልመድ አልቻልኩም። ይኸው ነው።

እህትህ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ባሏ ነው ብላኛለች፤ ከዚህ ሳምንት ወዲህ ለናንተ ሲሚንቶ ማድረስ ጀምሯል አይደል። መኪናው ባዶውን ነው የሚመለሰው፣ ጋቢናውም ሰው የለበትም። መልስ ጽፈህ አትስጠው፤ መልስ አልፈልግም። መልሱን ተሸክሞ ከሚመጣ አንተን ያምጣልኝ። አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ። ጓደኞችህ ፈራ ቢሉህ ፈርቼ ነው በላቸው። የቤታችን ወንዶች ሁሉ ሳይፈሩ ነው የሄዱት፤ አንድ እንኳን የሚፈራ ይኑረን።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ። ትከሻህን ያሳርፈው፣ ደረትህን ይጠብቀው። ያንን ፎቅ ለምትሠሩላቸው ሰዎችም ሁሉ ጤና ይስጥልኝ፣ ቤታቸው የሰላም ይሁን። ይህን ስታነብ ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆንክ፣ የያዝከውን እዚያው አስቀምጠውና ቀስ ብለህ ውረድ። እየቆምክ፣ እያረፍክ። ማንም አያሯሩጥህ።

የልጆችህ እናት